የሃሌይ ጅራታም ኮከብ መቼና ወዴት እንደሚታይ

ጅራታም ኮከብ በሰማይ በተገለጠ ጊዜ ጦርነት ወይም ረኃብ ይመጣል ብሎ መሥጋት በብዙ ሕዝብ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ይህን ሥጋት በቁጥር ያስታገሠው ኤድመንድ ሃሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ነው። እርሱም በአውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) በ1531፥ በ1607 እና በ1682 የታዩት ሦስቱ ኮከቦች መንገዳቸው ተመሳሳይ መሆኑን መርምሮ፥ «አንድ ናቸው፤ በ1758 ይመለሳል» የሚለውን አሳብ በ1705 አሳተመ። ሃሌይ በ1742 ቢሞትም፥ ኮከቡ በ1758 በልደት ሌሊት ለአንድ ጀርመናዊ ገበሬ ታየው።

ከዚያ አስቀድሞ ክሌሮ የተባለው ፈረንሳዊ ከላላንድና ከወይዘሮ ለፖት ጋራ ሆኖ፥ ጁፒተርና ሳተርን በስበታቸው ኮከቡን ምን ያህል እንደሚያዘገዩት ለወራት ሲያሰሉ ሰነበቱ። ለፀሐይ የሚቀርበው በሚያዝያ 1759 አጋማሽ ነው አሉ፤ የቀረበው መጋቢት 13 ቀን ነበር። የሰባ ስድስት ዓመት ያህል መንገደኛ በአንድ ወር ቢቀድም፥ የመርከብ መምጫ ለሚጠብቅ ነጋዴ የሚያስገርም አይደለም።

በ1910 ግን ዕውቀቱ ራሱ ድንጋጤ ወለደ። በጅራቱ ውስጥ ሲያኖጅን የተባለ መርዛም ጋዝ መኖሩ ስለ ተገለጠ፥ ምድርም በግንቦት ወር በጅራቱ ውስጥ ታልፋለች ስለ ተባለ፥ በአውሮፓና በአሜሪካ የኮከብ መከላከያ ክኒን የሚሸጡ ብልጦች ተነሡ። ጋዙ እጅግ የሳሳ በመሆኑ በማንም ላይ ጉዳት አላደረሰም፤ የተጐዳው የገዢዎቹ ኪስ ብቻ ነው።

በየካቲት 1986 ለፀሐይ ሲቀርብ፥ ምድር ከፀሐይ ማዶ ስለ ነበረች ደብዝዞ ታየ። ነገር ግን ጆቶ የተባለችው የአውሮፓ መንኰራኵር እስከ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርባ፥ እንብርቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፥ ከከሰል የጠቈረ መሆኑን አሳየች።

በታኅሣሥ 2023 ከሩቁ ዳርቻ ዞሮ መመለስ ጀምሯል። እንደገና ለፀሐይ የሚቀርበው ሐምሌ 28 ቀን 2061፥ ይኸውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 21 ቀን 2053 ዓ. ም. ነው። ያን ጊዜ ምድር በዚሁ ወገን ስለምትሆን ከ1986ቱ ይልቅ ደምቆ እንደሚታይ ይጠበቃል።

እስከዚያው ድረስ መታገሥ የማይሻ ሰው የኮከቡን ትቢያ በየዓመቱ ሊያይ ይችላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሚያዝያ 27 እና በጥቅምት 11 ቀን አካባቢ፥ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ፥ ከከተማ መብራት ርቆ ሰማዩን የሚመለከት፥ ከዚሁ ኮከብ የረገፈው ትቢያ በአየር ውስጥ እየነደደ ሲወረወር ያገኘዋል፤ መነጽርም አያስፈልገውም።