የመካነ ሰላም መንገደኛ በማን ካርታ ላይ ነው?

ካርታ ዘርግቶ መካነ ሰላምን የሚፈልግ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ ዓባይ ላይ ያርፋል። ወንዙ ከጣና ወጥቶ ሲጠመዘዝ ወሎንና ጎጃምን ይለያል። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ከገደሉ በስተምሥራቅ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ማዶ ግንደ ወይንና መርጡለ ማርያም ናቸው፤ በአየር ቢለካ ቅርብ ነው። ኑሮው ግን ፊቱን ያዞረው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። ሪፈር የተጻፈለት ታማሚም፣ የዞን ጉዳይ ያለበትም፣ ሸቀጥ የሚያመጣ ነጋዴም በአቀስታ፣ በጊምባና በጉጉፍቱ ብርድ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደሴ ይገባል። የክልሉ ርዕሰ ከተማ ባሕር ዳር ያለችው ደግሞ በስተምዕራብ ነው። በቀድሞው ዙሪያ መንገድ እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ወደ ደሴ፣ ቀጥሎ ወደ ወልድያ፣ ከዚያ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ መመለስ ነበረበት።

እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ላይ አይቶ መላ የሚፈልግለት ሙያ የአካባቢ ትራንስፖርት ዕቅድ ይባላል። የመንገድ ሥራ ዘመዱ ነው እንጂ ራሱ አይደለም። መንገድ ሠሪው ከዚህ እስከዚያ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ቱቦ፣ ስንት ድልድይ ብሎ ይነሣል። የትራንስፖርት ዕቅድ አውጪው የሚነሣው ከሰውየው ነው፤ ከየት ተነሣ፣ ወዴት ይሄዳል፣ ለምን፣ በምን፣ በስንት ሰዓት? በሙያው የተለመደው አካሄድ አራት ደረጃ አለው። ከየአካባቢው ስንት ጉዞ እንደሚነሣ ይገመታል፤ ጉዞው ወደየት እንደሚበተን ይታያል፤ በእግር፣ በአውቶቡስ ወይስ በጭነት መኪና የሚለው ይለያል፤ በመጨረሻም ጉዞው በየመንገዱ ላይ ይደለደላል።

አሜሪካኖች ይህን በሕግ ያሰሩት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ከ50,000 በላይ ሕዝብ ያለው የከተማ አካባቢ የፌዴራል የመንገድ ገንዘብ እንዲያገኝ ከጎረቤቶቹ ጋር የተቀናጀና የማይቋረጥ ዕቅድ እንዲኖረው ግድ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ለዚሁ የሚቆም የጋራ አካል በየከተማው እንዲኖር ተደነገገ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ የማዘጋጃ ቤት ድንበር አይቶ አይመለስም፤ ሕጉ የተመሠረተው በዚህ ቀላል ነገር ላይ ነው።

ወደኛው እንመለስ። በወሎ ደጋ ታቅዶ የተሠራ መንገድ ታሪኩ ረጅም ነው። አፄ ቴዎድሮስ ጥቅምት 1860 ከደብረ ታቦር ተነሥተው ጋፋት ላይ የተሠራውን ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ በፊታቸው መንገድ አልነበረም። ሠራዊቱ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ገደል እየቆረጠ፣ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ እየወጣ ከአምስት ወር በላይ ፈጀበት። ንጉሡ ራሳቸው በገዛ እጃቸው ይሠሩ እንደነበር በቦታው የነበሩ ጽፈዋል። ለአንድ ጭነት የተሠራ መንገድ ነበር። ከኋላ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በጂዳ በኩል ሲወርድ በዚያው መንገድ ተጠቀመ፤ መንገድ ማን እንደሚሄድበት አይመርጥም።

ከዚያ ወዲህ ዋናው መስመር ወደ ምሥራቅ ዞረ። ጣሊያን ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ ያደረሰው አውራ ጎዳና ደሴን የወሎ ሁሉ በር አደረጋት። የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋምም በቅድሚያ የያዘው እነዚህኑ ነባር ጎዳናዎች ማደስ ነበር። በ1989 ዓ.ም. የተጀመረው የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲነሣ በአገሪቱ የነበረው መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። በ2003 የመጣው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ፕሮግራም ደግሞ ቀበሌን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ አገናኛለሁ ብሎ ተነሣ። ብዙ ተሠርቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ችግሩ ያለው በክፍፍሉ ነው። ዋናውን መንገድ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ ወረዳን ከወረዳ የሚያገናኘውን የክልሉ መንገድ ቢሮ፣ የቀበሌውን ወረዳው፣ የከተማ ውስጡን ማዘጋጃ ቤቱ ይይዛል። ታሪፍ፣ ታፔላና ስምሪት ደግሞ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። እያንዳንዱ የራሱ ዕቅድ አለው። ከሳይንት አጅባር ተነሥቶ ደሴ የሚገባውን ሰው ከበሩ እስከ መድረሻው የሚከተል ዕቅድ ግን የማንም ድርሻ አይደለም።

ይህ ሰው እንዴት እንደሚቆጠር ማየት ጥሩ ነው። በዋና መንገዶች ላይ የተሽከርካሪ ቆጠራ በዓመት ሦስት ጊዜ ይካሄዳል። ቆጣሪው መንገድ ዳር ተቀምጦ በቅጹ ላይ ያሰምራል፦ የቤት መኪና፣ ላንድሮቨር፣ ትንሽ አውቶቡስ፣ ትልቅ አውቶቡስ፣ አይሱዙ፣ ከባድ መኪና፣ ተሳቢ። ውጤቱ ኮምፒውተር ገብቶ መንገዱ ያወጣውን ገንዘብ ይመልሳል ወይስ አይመልስም ተብሎ ይሰላል። እንግዲህ ጤፍ በአህያ ጭኖ ከአህያው ኋላ የሚሄደው ገበሬ በየትኛው ዓምድ ይግባ? መኪና አጥቶ ቤቱ የቀረውስ? ቆጠራው ያለፈውን እንጂ ያልመጣውን አያውቅም። በዚህ ሚዛን ብቻ ቢሆን ኖሮ የቦረናና የሳይንት መንገድ እስከ ዛሬም ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ለዚህም ነው የዓለም ባንክ ሌላ መለኪያ ያመጣው፤ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖረው የገጠር ሰው ከመቶ ስንት ነው የሚል። ዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ግን 2 ኪሎ ሜትር የግማሽ ቀን ዳገት ሊሆን ይችላል።

ከቆጠራው ቀጥሎ የዕቅድ መጓደል የሚታይበት ሁለተኛው ቦታ መናኸሪያው ነው። ዕቅድ በሌለበት አገር ዕለት ዕለት የሚያቅደው ተራ አስከባሪው ነው ብል ማጋነን አይደለም። መኪኖቹ በየደረጃቸው ታፔላ አድርገው ይሰለፋሉ፤ ታሪፉ በኪሎ ሜትር ተሰልቶ ለአስፋልትና ለጠጠር ይለያያል። ተረኛው እስኪሞላ ይቆማል፤ ሲሞላ መውጫ ተቆርጦለት ይወጣል። ማለዳ ይህ ደንብ ደህና ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ግን አሥር ሰው ተሳፍሮ ሌላ አሥር ሲጠብቅ ይመሻል፤ ባለመኪናውም አይፈረድበትም፣ በጎዶሎ ወንበር ጉጉፍቱን መውጣት ነዳጅ ነው። በገበያ ቀን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰው ይተርፋል፣ መኪና ይጠፋል፣ ትርፍ መጫንም የዚያን ዕለት ነው። የአካባቢው ገበያዎች እንዳይጋጩ በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍለው ይውላሉ። ስምሪቱ ይህን ተከትሎ መኪናውን ዛሬ ወደ ከለላ፣ ነገ ወደ ወግዲ ማዞር ይችላል፤ የጉዞ ፍላጎት ሠንጠረዡ ጥንቱንም በገበሬው እጅ የተዘጋጀ ነው።

ሁሉን ነገር ወደ አንድ በር መግፋት ምን ማለት እንደሆነ ጥቅምት 2014 ታይቷል። ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ለምዕራብ ወረዳዎች ወደ ሪፈራል ሆስፒታሉም ወደ ጅምላ ገበያውም የሚወስደው መንገድ በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ስለዚህ ከመካነ ሰላም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ግንደ ወይን የሚወጣውን መስመር እንደ ወረዳ መንገድ የሚያይ ሰው ይሳሳታል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚወርደውና መልሶ የሚወጣው ይህ መንገድ ኮምቦልቻን ከምሥራቅ ጎጃም የሚያገናኝ ወገብ ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሐምሌ 2009 የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክና ከአዋሽ የሚመጣ የባቡር ሐዲድ የተዘረጋላት ከተማ ናት፤ የጎጃም እህል ወደዚያ የሚወርድበት አጭሩ መንገድ መካነ ሰላምን አቋርጦ ነው። ሐረጎን ወርደው የሚገናኙት ደሴና ኮምቦልቻ አንድ የከተማ አካባቢ ከሆኑ ውለው አድረዋል። የጋራ ዕቅድ ቢኖራቸው የምዕራቡ ወረዳ ሰው በዚያ ዕቅድ ውስጥ እንግዳ ሳይሆን ተሳፋሪ ተብሎ መቆጠር አለበት። በዚያው ልክ ከባድ መኪና በበዛ ቁጥር በደንቆሮ ደን፣ በቦረና ሳይንት ፓርክ ዙሪያ ምን ይሆናል የሚለውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ መነሣት ያለበት ነው፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ማመልከቻ አያስገቡም።

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በለጋምቦ ቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት፤ ማለትም ጠያቂ የሚሆኑ ወጣቶች በመስመሩ መሐልም ጫፍም ተቀምጠዋል። በየመናኸሪያው በር ቆመው ተሳፋሪውን ከየት ተነሣህ፣ መጨረሻህ የት ነው፣ እስከዚህ በምን መጣህ፣ ስንት ሰዓት ጠበቅህ ብለው ለአንድ ሳምንት ቢጠይቁ፣ የመኪና ቆጠራው ያልያዘው ነገር ይገኛል። አህያ ነድቶ የመጣውንም ገበያው ዳር መጠየቅ ነው። ጥያቄው ግን በጥር ብቻ ተጠይቆ እንዳያልቅ፤ መረሬው ጭቃ ሲሆን፣ ቱቦው ሲደፈን፣ መልሱ ሁሉ ይለወጣልና በሐምሌም ይደገም።