አሮጌዋ መኪና ማለዳ ለምን አትነሣም?

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ አትላስ አካባቢ የሚሰማ የታወቀ ድምፅ አለ። ሞተሪኖው ያጓራል፤ ሞተሩ ጥቂት አስሎ፣ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ይጠፋል። ብዙ ባለመኪኖች ወዲያው ባትሪውን ይወቅሳሉ። እኛ ግን አስቀድመን አየሩን እንመርምር።

የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አንድ ግራም ቤንዚን በሚገባ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ደግሞ 14.7 ግራም ያህል አየር ይሻል። በዘመናዊ መኪና ነዳጁን የሚመጥነው ኮምፒውተር ነው። እንደ ላዳ ያለ ባለካርቡሬተር ሞተር ግን ከፍታውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በካርቡሬተሩ ጠባብ ጉሮሮ የሚያልፈው አየር ቤንዚኑን በግፊት ልዩነት ይስባል፤ የሚሳበው ቤንዚን የሚመጣጠነው ከአየሩ እፍጋት ጋር ሳይሆን ከእፍጋቱ ስኩዌር ሩት ጋር ነው። ስለዚህ አየሩ ወደ 76 በመቶ ሲወርድ ቤንዚኑ የሚወርደው ወደ 87 በመቶ ብቻ ነው። ለባሕር ጠለል የተመጠነ ካርቡሬተር እዚህ ለአንድ ግራም ቤንዚን የሚያደርሰው አየር 13 ግራም እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ድሬዳዋ ላይ በደንብ ትሠራ የነበረች መኪና አዲስ አበባ ስትገባ የምታጨሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው መካኒኮቻችን ከጣልያንኛ ወስደው «ሚኒሞ» በሚሉት፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ በሚዞርበት ጊዜ ነው። በሚገባ ያልነደደው ቤንዚን ጥቀርሻ ሆኖ ካንዴላው ላይ ይለጠፋል። ጥቀርሻ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ኃይሉ ክፍተቱን ዘልሎ በመብለጭለጭ ፈንታ በጥቀርሻው በኩል ሾልኮ ያመልጣል። በማግስቱ ማለዳ ሞተሩ እንቢ ይላል።

ስለዚህ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ከግምት ይሻላል። ደረቅና ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ቤንዚን ካረጠበው ብልጭታ የለም ወይም ሞተሩ ጠጥቷል። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ምርመራው ወደ ሌላ ይዞራል። ሞተሪኖው እየከበደው ሲዞር መብራቱ ከደከመ በእርግጥም ጥፋቱ የባትሪው ወይም የዛገ ተርሚናል ነው፤ ብርድ የባትሪውን ኬሚካዊ ሂደት ያዘገያል፣ ዘይቱንም ያወፍራል። ሚኒሞው ከፍ ዝቅ እያለ ፉጨት ከተሰማ ግን ሕመሙ ተቃራኒ ነው፤ ከካርቡሬተሩ በታች ትርፍ አየር እየገባ ነው። ሚኒሞውን ከፍ አድርጎ መገላገል፣ በጣም የተለመደ ቢሆንም፣ ጥፋቱን መሸፈን እንጂ መጠገን አይደለም።

ቤንዚን የበዛበት ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድንም አብዝቶ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በዝግ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማሞቅ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ በሩን ገርበብ ማድረግም አይበቃም። መኪናዋ አስቀድማ ተገፍታ ወደ ግቢው ትውጣ።