ጊዜው ያለፈበት ማህተም፡- የሶፍትዌር ፊርማ የምስክር ወረቀት እድሳት ምንነትና ሂደት

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ወይም የንብረት መመዝገቢያ ሶፍትዌር በኮምፒውተሩ ላይ ሊጭን ሲል አዘጋጁ የማይታወቅ መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ሲመጣበት ብዙውን ጊዜ ሳያነበው ያልፈዋል። ሶፍትዌሩን ያቀረበው ድርጅትም በስልክ ሲጠየቅ "ችግር የለውም፣ እለፉት" የሚል ምላሽ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ምላሽ ለጊዜው ሥራውን ቢያቀልም፣ ውሎ አድሮ ሠራተኛው እውነተኛ አደጋን የሚጠቁም ማስጠንቀቂያ ሲገጥመውም እንዲሁ የማለፍ ልማድ እንዲያዳብር ያደርገዋል። ለዚህ ዓይነቱ ማስጠንቀቂያ መነሻ ከሚሆኑት ምክንያቶች አንዱ ሶፍትዌሩ በዲጂታል መንገድ ያልተፈረመ መሆኑ፣ ወይም ለመፈረም የሚያስችለው የምስክር ወረቀት በወቅቱ አለመታደሱ ነው።

የሶፍትዌር ፊርማ ጽንሰ ሐሳብ በመሥሪያ ቤት አሠራር ውስጥ ለቆየ ሰው እንግዳ አይደለም። ከአንድ መሥሪያ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ ተቀባይነት የሚያገኘው የኃላፊው ፊርማ፣ የመሥሪያ ቤቱ ክብ ማህተም፣ እንዲሁም ቁጥርና ቀን ሲኖረው ነው። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ሲደርስ ጥያቄ ያስነሳል። አንድ ሶፍትዌርም ከአዘጋጁ ወጥቶ ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ማን እንዳዘጋጀውና በመንገድ ላይ ማንም እንዳልነካካው የሚያረጋግጥ ማህተም ያስፈልገዋል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ከሶፍትዌሩ ፋይል በሒሳባዊ ስሌት አንድ አጭር ቁጥር ይወጣል፤ ይህም የፋይሉ የጣት አሻራ ነው ለማለት ይቻላል። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል እንኳ ብትቀየር አሻራው ፈጽሞ የተለየ ይሆናል። አዘጋጁ ድርጅት ይህን አሻራ በእርሱ እጅ ብቻ በሚገኝ የምስጢር ቁልፍ ይፈርምበታል። ከምስጢር ቁልፉ ጋር ጥንድ የሆነው ይፋዊ ቁልፍ ደግሞ ፊርማውን ለማመሳከር ያገለግላል። ይፋዊ ቁልፉ በእርግጥም የዚያ ድርጅት መሆኑን አጣርቶ የሚመሰክረው ሰነድ የሶፍትዌር ፊርማ የምስክር ወረቀት ይባላል።

የምስክር ወረቀቱን የሚሰጡት ተቋማት በዊንዶውስና በመሳሰሉት የኮምፒውተር ሥርዓቶች የታመኑ ሰጪዎች መዝገብ ውስጥ አስቀድመው የተካተቱ ናቸው። በመዝገቡ ያልተካተተ ተቋም የሚሰጠው ሰነድ ማስጠንቀቂያውን አያስቀርም። በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ወጥቶ፣ አሁን የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ተብሎ ለሚጠራው ተቋም የዋና የምስክር ወረቀት ሰጪነት ሥልጣን መስጠቱ ይታወቃል። አዋጁ ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ እውቅና የሰጠ ነው። ይሁንና አንድ ፊርማ በሕግ ፊት ተቀባይነት ማግኘቱና ኮምፒውተር አንድን ሶፍትዌር ያለ ማስጠንቀቂያ መቀበሉ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን መገንዘብ ያስፈልጋል።

ማንኛውም የምስክር ወረቀት የሚያበቃበት ቀን አለው። የብዙዎች ጥያቄም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ሲያበቃ ቀደም ሲል የተፈረመው ሶፍትዌርስ ምን ይሆናል? መልሱ የሚገኘው በጊዜ ማህተሙ ላይ ነው። አንድ ኃላፊ በሥልጣን ላይ ሳሉ የፈረሙት ደብዳቤ ከተዛወሩ ወይም ጡረታ ከወጡ በኋላም ጸንቶ ይቆያል፤ በደብዳቤው ላይ የሰፈረው ቀን በወቅቱ ሥልጣን እንደነበራቸው ያስረዳልና። ሶፍትዌርም ሲፈረም ገለልተኛ የሆነ የጊዜ መስካሪ አገልግሎት የተፈረመበትን ቀንና ሰዓት ካረጋገጠለት፣ የምስክር ወረቀቱ ካበቃ በኋላም ፊርማው ጸንቶ ይቆያል። የጊዜ ማህተም ከሌለው ግን የምስክር ወረቀቱ ባበቃ ማግስት ፊርማው ዋጋ ያጣል።

ለዚህም እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 2018 የተከሰተው ሁኔታ ጥሩ ማሳያ ነው። በወቅቱ የፌስቡክ ንብረት የነበረው ኦኩለስ፣ ሪፍት ለተሰኘው የምናባዊ እይታ መሣሪያው ያዘጋጀው ሶፍትዌር አንዱ ክፍል የተፈረመበት የምስክር ወረቀት በዚያ ቀን አበቃ። ፊርማው የጊዜ ማህተም ስላልነበረው በመላው ዓለም የሚገኙ መሣሪያዎች ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ። ማሻሻያ የሚያደርሰው ፕሮግራምም በዚሁ ችግር የተያዘ በመሆኑ ተጠቃሚዎች ማስተካከያውን ራሳቸው አውርደው ለመጫን ተገደዋል። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ለተጎዱ ደንበኞች የ15 ዶላር የመግዣ ካሣ ሰጥቷል። ትልቅ ኩባንያ እንዲህ ያለውን ስህተት በካሣ ሊያልፈው ይችላል፤ ጥቂት ደንበኞች ላሉት አነስተኛ ድርጅት ግን የህልውና ጉዳይ ነው።

"እድሳት" የሚለው ቃል ራሱ የተሳሳተ ግንዛቤ ሊፈጥር ይችላል። በዚህ ዘርፍ እድሳት ማለት በነባሩ ሰነድ ላይ ጊዜ መጨመር ሳይሆን፣ አዲስ የምስክር ወረቀት ማውጣት ማለት ነው። ሰጪው ተቋም የድርጅቱን ማንነት እንደገና ያጣራል፣ አዲስ መለያ ቁጥር ያለው ሰነድም ይሰጣል። በዚህ ላይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተደረጉ ሁለት ለውጦች ሂደቱን ከቀድሞው የተለየ አድርገውታል።

የመጀመሪያው ለውጥ የቁልፍ አያያዝን የሚመለከት ነው። ሰጪ ተቋማትና የሶፍትዌር ኩባንያዎች በጋራ ደንብ የሚያወጡበት ሲኤ ብራውዘር ፎረም፣ እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2023 ወይም ከግንቦት 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የምስጢር ቁልፎች ሁሉ ፊፕስ 140-2 ደረጃ 2 ወይም ተመጣጣኝ የደህንነት መስፈርት በሚያሟላ ልዩ መሣሪያ ውስጥ እንዲቀመጡ አስገድዷል። ከዚያ በፊት መደበኛው የምስክር ወረቀት ያለው ድርጅት ቁልፉን በኮምፒውተሩ ላይ እንደ ማንኛውም ፋይል ማስቀመጥ ይችል ነበር። የጥብቅ ደንቡ ምክንያት ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተደረሰበትና የኢራንን የዩራኒየም ማበልጸጊያ ዒላማ ያደረገው ስታክስኔት የተሰኘው ጎጂ ፕሮግራም፣ ሪልቴክና ጄማይክሮን በተባሉ የታይዋን ኩባንያዎች ስም በተሰረቁ ቁልፎች ተፈርሞ ነበር። ኮምፒውተሮቹ በሩን የከፈቱለት ማህተሙን አምነው ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የቆይታ ጊዜን ይመለከታል። ቀደም ሲል አንድ የምስክር ወረቀት እስከ 39 ወር ሊያገለግል ይችል የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2026 ማለትም ከየካቲት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጥ ማንኛውም የምስክር ወረቀት ከ460 ቀን በላይ ሊቆይ አይችልም። በመሆኑም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ይታሰብ የነበረው ጉዳይ እንደ ንግድ ፈቃድ እድሳት ሁሉ በየዓመቱ የሚታቀድና በጀት የሚያዝለት ሥራ ሆኗል።

ሂደቱን ለመረዳት አምስት ባለሙያዎች ያሉትን አንድ አነስተኛ ድርጅት በምሳሌነት እንውሰድ። ድርጅቱ ማመልከቻውን ሲያቀርብ ሰጪው ተቋም በቅድሚያ የድርጅቱን ሕጋዊ ህልውና ከመንግሥት መዝገብ ያመሳክራል። ቀጥሎም አድራሻውን ያጣራል፤ ከድርጅቱ ሳይሆን ከሌላ ገለልተኛ ምንጭ ባገኘው የስልክ ቁጥር ደውሎም አመልካቹ በእርግጥ የድርጅቱ ተወካይ መሆኑን ያረጋግጣል። የተቋረጠ ስልክ፣ የተቀየረ ቢሮ ወይም ያልታደሰ የንግድ ፈቃድ ሂደቱን ለሳምንታት ሊያጓትት ይችላል።

በአገራችን ሁኔታ ልዩ ትኩረት የሚሻው የስም አጻጻፍ ነው። ስሙ "ፀሐይ" የሚል ቃል ያለው ድርጅት በንግድ ፈቃዱ ላይ በላቲን ፊደል በአንድ መልክ፣ በግብር ከፋይ መለያው ላይ በሌላ መልክ፣ በባንክ ደብዳቤው ላይ ደግሞ በሦስተኛ መልክ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። "ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር" የሚለውም አንዱ ሰነድ ላይ በምህጻረ ቃል፣ ሌላው ላይ በሙሉ ይሰፍራል። ለእኛ አንድ የሆነው ስም ባሕር ማዶ ላለ አጣሪ ሦስት የተለያዩ ድርጅቶች ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ በምዝገባ መስኮት የተቀመጠ ባለሙያ ስሙን በሁሉም ሰነድ ላይ ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት አድርጎ መጻፉ ቀላል የሚመስል ነገር ግን ለድርጅቱ ከፍተኛ ፋይዳ ያለው አገልግሎት ነው።

ማጣራቱ ካለቀ በኋላ ድርጅቱ ከሁለት አማራጮች አንዱን ይመርጣል። አንደኛው ቁልፉን የያዘ ፍላሽ መሰል መሣሪያ መረከብ ነው፤ መሣሪያው ከውጭ የሚላክ ከሆነ የማጓጓዣና የጉምሩክ ጊዜን ማሰብ ይገባል። ሁለተኛው ቁልፉ በሰጪው ተቋም ማዕከል ተጠብቆ፣ ድርጅቱ በኢንተርኔት አማካይነት የሚፈርምበት አገልግሎት ነው። ይህ የመላኪያ ጊዜን ቢያስቀርም በአስተማማኝ ኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም ስለሚሆንም ዝግጅቱን የምስክር ወረቀቱ ከማብቃቱ ቢያንስ ሁለት ወር በፊት መጀመሩ ይመረጣል።

የመሣሪያው አያያዝም የክብ ማህተም ያህል ጥንቃቄ ይሻል። የይለፍ ቁጥሩን የሚያውቀው አንድ ሠራተኛ ብቻ ከሆነና እርሱ ሥራ ከለቀቀ ድርጅቱ ከነመሣሪያው መፈረም ሊሳነው ይችላል። መሣሪያው ከነይለፍ ቁጥሩ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው። የተሰረቀ ቁልፍ ሲታወቅ ሰጪው ተቋም የምስክር ወረቀቱን ይሰርዛል፤ ስረዛው ወደ ኋላ ተመልሶ ስርቆቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ እንዲጸና ሊደረግ ስለሚችል፣ ከዚያ ቀን በኋላ በሐቅ የተፈረሙ ሶፍትዌሮችም አብረው ይወድቃሉ። የጊዜ ማህተም ከማብቃት ቢያድንም፣ ስረዛው ከሚጸናበት ቀን በኋላ የተፈረመን ሶፍትዌር ግን አያድንም።

አዲሱ የምስክር ወረቀት እጅ ከገባ በኋላም ትዕግሥት ያስፈልጋል። ስማርትስክሪን የተባለው የዊንዶውስ መከላከያ ከፊርማው ባሻገር ፋይሉና ፈራሚው ያተረፉትን መልካም ስም ስለሚያይ፣ በአዲስ የምስክር ወረቀት የተፈረመ ሶፍትዌር ለተወሰነ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ሊገጥመው ይችላል። ዋጋው ከፍ ያለውና ጥልቅ ማጣራት የሚደረግበት ዓይነት ቀድሞ ይህን ማስጠንቀቂያ ወዲያውኑ ያስቀር የነበረ ቢሆንም፣ ማይክሮሶፍት ይህን ልዩ ጥቅም አንስቶታል። አንዳንድ ሶፍትዌሮች ማሻሻያ ከመቀበላቸው በፊት የፈራሚውን ስም ስለሚያመሳክሩም፣ አዲሱ የምስክር ወረቀት ከነባሩ ጋር ፍጹም ተመሳሳይ ስም መያዝ ይኖርበታል።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀውም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ሶፍትዌር ሲገዛ አቅራቢው የተፈረመና የጊዜ ማህተም ያለው ሶፍትዌር እንዲያቀርብ በጨረታ ሰነዱና በውሉ ውስጥ ማስፈር ይቻላል። ሲረከቡም በፋይሉ ላይ በመዳፊቱ የቀኝ ቁልፍ ተጭኖ "ፕሮፐርቲስ" ከዚያም "ዲጂታል ሲግኔቸርስ" የሚለውን በመክፈት የፈራሚው ስም ከውሉ ጋር አንድ መሆኑንና የተፈረመበት ቀን መኖሩን ማየት የጥቂት ሰከንዶች ሥራ ነው። ስሙ ካልተገኘ ወይም ከተለየ መጫኑን አቁሞ አቅራቢውን በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በእርግጥ ፊርማ የሶፍትዌሩን ጥራት አያረጋግጥም፤ የተፈረመ ሁሉ ከጉዳት የጸዳ ነው ማለትም አይደለም። ፊርማው የሚነግረን ማን እንዳዘጋጀውና ከተፈረመ ወዲህ እንዳልተለወጠ ብቻ ነው። ችግር ሲከሰት ተጠያቂው ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ማህተም የሌለውን ደብዳቤ የማይቀበል መሥሪያ ቤት፣ ደመወዝና ንብረቱን በሚያስተዳድርበት ሶፍትዌር ላይም ያንኑ ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባል።