ከሞተ ከብት የሚገፈፍ ቆዳ፤ ከቀበሌ እስከ መርካቶ የሚጓዝ አደጋ

በአዲስ አበባ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መርካቶ ለአርሶ አደሩ ምርት ዋነኛ መዳረሻ ነው። በእህል በረንዳና በበርበሬ በረንዳ ከሚራገፈው ምርት ጎን ለጎን ጥሬ ቆዳና ሌጦም ከየአካባቢው ወደዚሁ ገበያ ይገባል። በገጠር ቀበሌ የተገፈፈ ቆዳ በመንደር ሰብሳቢና በወረዳ ከተማ ነጋዴ እጅ አልፎ መርካቶ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ቆዳ ፋብሪካ ይጫናል። በዚህ ጉዞ ቆዳውን የሚገፈው፣ ጨው የሚነሰንስበት፣ በትከሻው የሚሸከመውና በመጋዘን የሚከምረው ሰው ጥቂት አይደለም።

ቆዳው በጤንነቱ ከታረደ ከብት የተገኘ ከሆነ ይህ ሰንሰለት ለሁሉም የገቢ ምንጭ ነው። ድንገት ከሞተ ከብት ላይ የተገፈፈ ከሆነ ግን አባ ሰንጋ የተባለውን በሽታ ከአንድ የግጦሽ መሬት አንሥቶ ከተማ የሚያደርስ መንገድ ይሆናል። አባ ሰንጋ ወይም አንትራክስ ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ አደገኛ በሽታዎች አንዱ ነው። በሌላው ዓለም ለጦር መሣሪያነት የታሰበና የተሞከረም ተሕዋስ ነው። በመሆኑም ተመራማሪዎች በበሽታው ላይ ያገኙት ዕውቀት ለአርሶ አደሩም ለወረዳ ኃላፊውም የቅርብ ጉዳይ ነው።

በሽታው በአፈር ውስጥ እንዴት ይቆያል?

የአባ ሰንጋ መንስኤ ባሲለስ አንትራሲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1876 ይህ ባክቴሪያ የበሽታው መንስኤ መሆኑን አረጋገጠ። ባክቴሪያው ከከብቱ አካል ወጥቶ አየር ሲነካው ጠንካራ ሽፋን ለብሶ “ስፖር” ወደሚባል ቅርጽ እንደሚለወጥም አሳየ። ስፖሩ በደረቅ ወቅት ተኝቶ ምቹ ጊዜ እንደሚጠብቅ ዘር ነው። ፀሐይ፣ ብርድና ድርቅ በቀላሉ አይገድሉትም።

ስፖሩ ምን ያህል እንደሚቆይ በስኮትላንድ የምትገኘው የግሩናርድ ደሴት ታሪክ ያስረዳል። የብሪታንያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1942 በደሴቷ ላይ በጎችን በአባ ሰንጋ ተሕዋስ ፈተነ። መሬቱ በመበከሉ ደሴቷ ለአሥርት ዓመታት ለሰው የተከለከለች ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1986 አፈሩ በፎርማልዲሃይድ ኬሚካል ታክሞ ከአደጋ ነፃ መሆኗ የተገለጸው በ1990 ነው። ሙከራው ከተካሄደ 48 ዓመት አልፎ ነበር ማለት ነው።

ከብቶች በብዛት የሚያዙት ሲግጡ ከአፈር ጋር ስፖሩን በመዋጥ ነው። በድርቅ ጊዜ ሣሩ አጥሮ ከብቱ መሬቱን ሲልስ፣ እንዲሁም የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ጎርፉ የቆየ አፈር ሲያንቀሳቅስ አደጋው ይጨምራል። ዘንድሮ በበሽታው ከብት የሞተበት መሬት ከዓመታት በኋላም ሊገድል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቢላው የሚከፍተው በር

በሬ ሲሞት የአንድ ቤተሰብ የእርሻ ጉልበት ይሞታል። ባለቤቱ ከደረሰበት ኪሳራ ጥቂቱን እንኳ ለማትረፍ ቢሞክር የሚያስገርም አይደለም። መውደቁን ያየውን ከብት ሳይሞት ቶሎ አርዶ ሥጋውን ለጎረቤት በቅርጫ ማከፋፈል፣ ቆዳውንም ለሰብሳቢ መሸጥ በየአካባቢው የሚታይ ነው። ይሁንና በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት በቢላ ሲከፈት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። አራጁና ገፋፊው ለበሽታው ይጋለጣሉ፤ ደሙም አየር ነክቶት ወደ ስፖርነት በመለወጥ መሬቱን ይበክላል።

በአንጻሩ ሬሳው ሳይከፈት ከቆየ በውስጡ ያለው ባክቴሪያ አየር ስለማያገኝ ከብስባሴው ጋር በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ዋናው መከላከያ ቢላውን አለማንሣት ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

በአማራ ክልል ዋግ ኽምራ ዞን ሰቆጣ ዙሪያ ወረዳ የከብት ባለቤቶች አባ ሰንጋን ለመከላከል የሚከተሉትን ልማድ የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ ወደ አርሶ አደሩ ደጅ የወረዱት ክትባትና መድኃኒት ብቻውን በቂ ስላልሆነ ነው። በሽታው የሚቆመው ወይም የሚዛመተው ከብቱ በሞተበት ቀን ቤተሰቡ በሚወስደው ውሳኔ ነው።

ቆዳና ሱፍ የተሸከሙት በሽታ

የአባ ሰንጋ ስፖር በንግድ ዕቃ ተጭኖ ሩቅ እንደሚጓዝ በግልጽ የታየው በእንግሊዟ የሱፍ ከተማ ብራድፎርድ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሩቅ አገሮች የመጣ ሱፍና ፀጉር የሚለቅሙ ሠራተኞች በድንገተኛ የሳንባ ሕመም ይሞቱ ነበር። በሽታውም “የሱፍ ለቃሚዎች በሽታ” ተባለ። በከተማዋ የሠራው የባክቴሪያ ተመራማሪ ፍሬድሪክ ዩሪክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሱፍ ናሙናዎችን ለዓመታት መርምሮ ዋነኛው አደጋ ያለው ደም በነካው ሱፍ ላይ መሆኑን አሳየ። በዚህ ጥናት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1919 ሕግ ወጣ፤ በ1921ም በሊቨርፑል ወደብ ሱፍ በኬሚካል የሚጸዳበት ጣቢያ ተከፈተ።

የዩሪክ ግኝት ዛሬ ለቆዳ ገበያውም ይሠራል። ጨው መነስነስና በጥላ ማድረቅ ቆዳው እንዳይበሰብስ ይረዳል እንጂ ስፖሩን አይገድልም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ኒውዮርክ አንድ ከበሮ ሠሪ ከምዕራብ አፍሪካ ባመጣው ጥሬ የፍየል ሌጦ ሲሠራ በአባ ሰንጋ ታምሞ ነበር። ከበሮ፣ ጠፍር፣ ስልቻና አጎዛ የሚሠሩ ባለሙያዎችም የሚገዙት ሌጦ ከታረደ እንስሳ መገኘቱን መጠየቅ ይገባቸዋል።

የገበያው ሁኔታም ለዚህ ምክር ይደግፋል። ባለፉት ዓመታት የጥሬ ቆዳ ዋጋ በእጅጉ ወርዶ በበዓል ማግስት በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የተጣለ ሌጦ ማየት የተለመደ ሆኗል። ከሞተ በሬ ላይ የተገፈፈ ቆዳ የሚያስገኘው ጥቂት ብር የአንድን ሰው ሕክምና እንኳ አይሸፍንም።

የከብት ሞት የሚሰጠው ማስረጃ

እ.ኤ.አ. በ1979 በሶቪየት ኅብረት ስቬርድሎቭስክ ከተማ ሰዎች በአባ ሰንጋ አለቁ። መንግሥት በሽታው ከታመመ ከብት ሥጋ የመጣ ነው ሲል ቆየ። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ማቲው ሜሰልሰንና ባልደረቦቹ በቦታው ተገኝተው ሟቾቹ በዕለቱ የት እንደነበሩ በካርታ ላይ አሰፈሩ። ቢያንስ 66 ሰዎች መሞታቸውን ያመለከተው ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1994 ሲታተም እውነቱ ተገለጠ። አብዛኞቹ ሟቾች ከአንድ የጦር ተቋም በተነሣ የነፋስ መስመር ላይ ነበሩ። መስመሩን ያጠናከረው ደግሞ የከብቶች ሞት ነው። በዚያው አቅጣጫ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ርቀት ባሉ መንደሮች በጎችና ላሞች ሞተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ስፖር በደብዳቤ ተልኮ 22 ሰዎች ሲታመሙ አምስቱ ሞተዋል። የመጀመሪያው ታማሚ የታወቀው በአንድ ሐኪም ንቃትና በላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

ከእነዚህ ታሪኮች ለወረዳ የሚተርፈው ትምህርት ቀላል ነው። በሽታ ከተፈጥሮም ይምጣ ከሰው ተንኮል የሚያጋልጠው የዘወትር መዝገብ ነው። የትኛው ከብት፣ በየትኛው ጎጥ፣ በምን ቀን እንደሞተ የሚመዘግብ ወረዳ ወረርሽኙ ሰው ላይ ሳይደርስ ያየዋል። የማይመዘግብ ወረዳ ግን የሚሰማው ሕመምተኛ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ነው።

በሰው ላይ የሚታዩ ምልክቶች

በሰው ላይ ከሚከሰተው አባ ሰንጋ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በቆዳ በኩል የሚገባው ነው። በእጅ፣ በክንድ፣ በፊት ወይም በአንገት ላይ ነፍሳት የነደፈው የሚመስል የሚያሳክክ እብጠት ይወጣል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ከዚያም መሃሉ ጥቁር ቅርፊት ይይዛል። ቁስሉ ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው ቸል ይባላል። ካልታከመ እስከ 20 በመቶ የሚሆኑትን ሕሙማን ሊገድል ይችላል፤ በወቅቱ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከታከመ ግን የሚሞት ሰው እጅግ ጥቂት ነው። በሥጋ አማካይነት ወደ አንጀት ወይም በትንፋሽ ወደ ሳንባ የገባው የከፋ ነው። ሥጋውን መቀቀልም አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል የወጣበት ሰው ከሞተ ወይም ከታመመ ከብት ጋር ንክኪ እንደነበረው ለጤና ባለሙያው መናገር አለበት።

ከአርሶ አደሩ የሚጠበቀው

ጤነኛ መስሎ የዋለ ከብት ድንገት ቢሞት በመጀመሪያ አባ ሰንጋን መጠርጠር ይገባል። ከአፍንጫ፣ ከአፍ ወይም ከፊንጢጣ ጥቁርና የማይረጋ ደም መውጣቱ፣ ሬሳው ቶሎ መነፋቱና አለመድረቁ ምልክቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ሁልጊዜ አይታዩም።

እንዲህ ሲያጋጥም ሬሳውን አለመክፈት፣ አለመግፈፍ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ገደል አለመጣል ያስፈልጋል። ጅብ፣ ውሻና አሞራ እንዳይደርስበት በእሾህ አጥሮ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል። ናሙና የሚወስደው ባለሙያው ብቻ ነው። ሬሳው በነበረበት ቦታ ደም ከነካው አፈር ጋር ይቃጠላል፤ ማገዶ ካልተገኘ ከውሃ ርቆ ቢያንስ 2 ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። ቀሪዎቹ ከብቶች ከዚያ የግጦሽ ቦታ መውጣት አለባቸው።

ለከብት የሚሰጠው ክትባት ማክስ ስተርን በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1937 ባገኘው የተዳከመ ዝርያ ላይ የተመሠረተ ነው። በአገራችንም ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የአባ ሰንጋ ክትባት ያመርታል። ክትባቱ በሽታው በሚደጋገምባቸው አካባቢዎች የአደጋው ወቅት ሳይደርስ በየዓመቱ መሰጠት አለበት። ሕያው ክትባት በመሆኑ ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጋር በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ ያከሽፈዋልና።

ከወረዳ ኃላፊው የሚጠበቀው

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን በቅደም ተከተል ስትለይ አባ ሰንጋን ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር ከአምስቱ ቀዳሚዎች መካከል አስቀምጣለች። በጤናው ዘርፍም ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ነው። ሪፖርቱ ፍሬ የሚኖረው የእንስሳት ጤና ባለሙያውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሲነጋገሩ ነው። ክሊኒኩ የከብት ሞት ሲሰማ ጤና ኬላው በዚያው ቀን ማወቅ አለበት፤ ጤና ኬላው ጥቁር ቁስል ሲያይም እንዲሁ።

“ሥጋውን ቅበር፣ ቆዳውን ተው” የተባለ አርሶ አደር በምትኩ የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል። ሞት ባሳወቀ ማግስት የቀሩት ከብቶቹና የጎረቤቶቹ ከብቶች ከተከተቡ ሌላ ጊዜም ያሳውቃል። በሬው የሞተበትን ቤተሰብ ማሳ በወንፈልና በደቦ እንዲታረስ ማስተባበር ቀበሌው ያለ በጀት ሊሠራው የሚችል ነው። የቆዳ ሰብሳቢዎችም ከታረደ ከብት የተገኘ ቆዳ ብቻ እንዲገዙ፣ የገዙበትንም ቀበሌ እንዲመዘግቡ ማድረግ ይቻላል። መርካቶ ከደረሰ በኋላ ከሺህ ቆዳ መካከል የታመመውን መለየት አስቸጋሪ ነው፤ በቀበሌው ግን ባለቤቱም ጎረቤቱም ያውቀዋል።