በተሰሎንቄ ተቀምጦ የሩቅ አገር ሥራ መሥራት

ቀድሞ ሥራ ማለት ሰው ማለዳ ተነሥቶ፣ ቤቱን ዘግቶ የሚሄድበት ስፍራ ነበር፤ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ሱቁ፣ ጸሓፊው ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄድ ነበር። በዘመናችን ግን ሥራው ራሱ ወደ ሰው ቤት መምጣት ጀምሯል። በ2020 (በዚህ ጽሑፍ ከሚነገረው ዘመን ሁሉ ጋራ አቈጣጠሩ የአውሮፓውያን ነው) የኮሮና በሽታ መሥሪያ ቤቶችን ባዘጋ ጊዜ፣ በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት ከቤት ሆኖ መሥራት የብዙ ሰው ልማድ ሆነ። በሽታው ጋብ ካለ በኋላም ብዙዎች፦ «ከቤቴ ሆኜ የምሠራ ከሆነ፣ ቤቴ በየትኛውም አገር ቢሆን ምን ቸገረ?» ብለው ጠየቁ። ለዚህ ጥያቄ በራቸውን ከከፈቱት አገሮች አንዲቱ ግሪክ ናት። እኛም ከከተሞቿ መካከል ስሟ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ ያልሆነውን ተሰሎንቄን እንመልከት።

ተሰሎንቄ በሰሜን ግሪክ በባሕር ዳር የተሠራች፣ ከአቴና ቀጥላ በትልቅነት ሁለተኛ የሆነች ከተማ ናት። በ2021 በተደረገው ቈጠራ በማዘጋጃ ቤቱ ክልል ብቻ 319 ሺህ ያህል ሕዝብ ተገኝቷል። ሰማዩ በጠራ ቀን ከባሕሩ ዳርቻ የቆመ ሰው የኦሊምፖስን ተራራ በማዶ ያያል። በ1917 የተነሣው ታላቅ እሳት የመሐል ከተማዋን ብዙውን ክፍል፣ የሰማዕቱን የቅዱስ ዲሜጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ጭምር አቃጥሎ ነበር፤ ኋላ ግን ከተማዪቱ በአዲስ ፕላን ታነጸች፣ ቤተ ክርስቲያኑም ታደሰ። የምድር ውስጥ ባቡሯ በ2006 መሠራት ተጀምሮ በ2024 መጨረሻ ለሕዝብ ተከፈተ። ይህን ያህል ከዘገየባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ቆፋሪዎቹ የጥንቱን የሮማውያን ዘመን ጥርብ መንገድና ብዙ ቅርስ በማግኘታቸው ነው።

በ2021 የወጣው የግሪክ ሕግ፣ ደመወዙን ከውጭ አገር የሚያገኝ እንግዳ በአገሩ ተቀምጦ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ነገር ግን ግብሩ ከተከፈለ በኋላ በወር 3,500 ዩሮ የሚያገኝ መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ ሚስቱን ይዞ ቢመጣ በመቶ 20፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ በመቶ 15 ይጨመርበታል። ለግሪክ አሠሪ ተቀጥሮ መሥራትም አይፈቀድለትም። ይህም የአገሬውን እንጀራ እንዳይሻማ ነው።

እንግዲህ በዚህ ከተማ ተቀምጦ በኒው ዮርክ ያለ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው እንዳለ እናስብ። ጧት ጊዜው የራሱ ነው፤ በባሕሩ ዳር ይመላለሳል፣ ገበያም ይወርዳል። ኒው ዮርክ ጧት 3 ሰዓት ሲሆን ግን በተሰሎንቄ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ጎረቤቶቹ በበጋ በደንብ በተወሰነው የጸጥታ ሰዓት፣ ይኸውም ከ9 እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ ዐርፈው ሳሉ እርሱ ሥራውን ይጀምራል። ሲመሽ አገሬው በየደጁ ማዕድ ሲቀርብ፣ ልጆችም በየአደባባዩ ሲጫወቱ፣ እርሱ ከኮምፒዩተሩ ፊት ነው። ሥራውን ጨርሶ ቀና የሚለው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። እነሆ፣ አካሉ በአንድ አገር፣ ሰዓቱ በሌላ አገር ይኖራል! የዚያው የ2021 የግሪክ የሥራ ሕግ፣ ከቤቱ የሚሠራ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ ለሚመጣ ጥሪ ያለመመለስ መብት ሰጥቶታል፤ አሠሪው በሌላ አገር ለሆነ ሰው ግን ሰዓቱን መጠበቅ የራሱ ፈንታ ነው።

ሁለተኛውም ነገር የጎረቤት ነገር ነው። በግሪክ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከ2025 ሚያዝያ ጀምሮ 880 ዩሮ እንዲሆን ተወስኖ ነበር፤ ከእንግዳው የሚጠየቀው ገቢ የዚህ አራት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ተሰሎንቄ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ያለባት የተማሪዎች ከተማ ስለሆነች፣ እንግዳውም፣ ተማሪውም፣ አዲስ ተጋቢዎችም የሚፈልጉት ያንኑ ትንሽ ቤት ነው። ባለቤቱ አብልጦ ለሚከፍል ቢያከራይ አይፈረድበትም፤ የከተማው ልጅ ግን ከተወለደበት ሰፈር ሊርቅ ይችላል። በአንጻሩ ደግሞ ይኸው አሠራር መልካም ፍሬ አለው። ከ2010 ጀምሮ በደረሰው የዕዳ ጭንቅ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ግሪካውያን ሥራ ፍለጋ ተሰደዋል። መንግሥቱም በውጭ ቆይቶ ለሚመለስና ለሚመጣ ሠራተኛ ለሰባት ዓመት የገቢውን ግብር እኩሌታ የሚምር ሕግ በ2020 አውጥቷል። ስለዚህ ልጅ የባዕድ አገር ደመወዙን ሳይተው ወደ እናቱ ሰፈር ሊመለስ ይችላል።

በእንግድነት እየኖሩ በገዛ እጅ ሠርቶ መብላት ለተሰሎንቄ አዲስ ነገር አይደለም። ድንኳን ሰፊው ሐዋርያው ጳውሎስ በዚያች ከተማ ሲያስተምር በማንም ላይ ሸክም እንዳይሆን ሌሊትና ቀን ይሠራ ነበር። ከተማዋን ከለቀቀ በኋላም አገልግሎቱን ከሩቅ ሆኖ በመልእክት ቀጠለ። ነገር ግን ልብ እንበል፤ መልእክት ብቻ አልበቃውም። ፊታቸውን ለማየት መናፈቁን ገለጸላቸው፤ ራሱ መሄድ ባልቻለ ጊዜም ጢሞቴዎስን ላከላቸው። ሥራን ከሩቅ መሥራት ይቻላል፤ ሰውን ግን የሚያጽናናው ሰው ነው። አባቶቻችንም «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» ያሉት ስለዚሁ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ኑሮ የሚጀምር ሁሉ ከቤትና ከኢንተርኔት አስቀድሞ ሦስት ነገር ቢያሰናዳ ይጠቀማል፦ የሥራውን ሰዓት የሚዘጋበት ቁርጥ ያለ ደንብ፣ ከጎረቤቱ ጋራ የሚነጋገርበት የአገሬው ቋንቋ፣ በየሳምንቱ ከሰው ጋራ የሚቀመጥበት አንድ ማዕድ። እኛም በውጭ አገር ከቤቱ የሚሠራ ልጅ ወይም ወንድም ያለን ሰዎች፣ በቴሌፎን ስናገኘው ስለ ደመወዙ ብቻ አንጠይቀው። «ልጄ፣ ዛሬ ከማን ጋራ በላህ?» እንበለው። መልሱ የዘገየ እንደሆነ፣ ጢሞቴዎስን የሚልኩበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።