ከቤተሰብ የተበደረው 800 ዶላር

ልጅ «ዘፈን ልሠራ ነው፤ ገንዘብ ስጡኝ» ሲል እኛ ቤት ምን እንደሚፈጠር ታውቃላችሁ። አባት ይቆጣል፣ እናት ታለቅሳለች፣ አያት በድብቅ ከመቀነቷ ፈትታ ትሰጣለች። እኔ አያቲቱ ነኝ። የአሜሪካዎቹ የጎርዲ ቤተሰቦች ግን ሌላ መንገድ ነበራቸው።

ቤሪ ጎርዲ እ.ኤ.አ. በ1929 በዲትሮይት ከተማ ተወለደ፤ ከስምንት ልጆች ሰባተኛው ነው። ቦክሰኛ ለመሆን ብሎ ትምህርቱን አቋረጠ። ለውትድርና ተመልምሎ ኮሪያ ደርሶ ተመለሰ። የጃዝ ሸክላ መሸጫ ከፈተ፣ ከሰረ። ቤተሰብ መሥርቶ ስለነበር መኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ገባ፤ እጁ እየሠራ በልቡ ዜማ ያወጣ ነበር።

ከ1957 ጀምሮ ከእህቱ ከግዌንና ከአንድ ጓደኛቸው ጋር እየተጋገዘ ለድምፃዊ ጃኪ ዊልሰን የደረሳቸው ዘፈኖች ተወደዱለት። ዘፈኑ በየሬዲዮው ቢሰማም የደራሲው ኪስ ግን አልሞላም። አንድ ጊዜ የደረሰው ቼክ 3 ዶላር ከ19 ሳንቲም ብቻ ሆኖ ሲገኝ፣ ወጣቱ ስሞኪ ሮቢንሰን «የራስህን ድርጅት ብትከፍት ይሻልሃል» በማለት መከረው።

ገንዘቡስ? ጎርዲዎች ከእኛ እቁብ ጋር የሚመሳሰል የቤተሰብ ማጠራቀሚያ ነበራቸው። ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፤ ወጪ የሚደረገው ተመካክረው ሲስማሙ ነው። ቤሪ 1,000 ዶላር ጠየቀ። ታላቅ እህቱ አስቴር በ29 ዓመት ዕድሜው እስካሁን ምን እንዳፈራ በሁሉም ፊት ጠየቀችው። በጥር 1959 በመጨረሻ 800 ዶላር ፈቀዱለት፤ በስጦታ ሳይሆን በብድር፣ ያውም አስፈርመው።

እኔ ለልጅ ልጄ ኪቦርድ መግዣ ስሰጥ ማንም እንዲሰማ አልፈለግሁም። አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁትም። ኪቦርዱ ዛሬ አልጋ ሥር ነው።

ጎርዲ በዚያው ዓመት አንድ መኖሪያ ቤት ገዝቶ ላዩን ማደሪያ፣ ታቹን ስቱዲዮና ቢሮ አደረገው። ሞታውን የተባለው ሙዚቃ ቤት እንዲህ ተጀመረ። ከፋብሪካ የተማረውንም አመጣ፤ ዘፈኖች ከመታተማቸው በፊት በስብሰባ ተደምጠው ድምፅ ይሰጥባቸዋል። ማክሲን ፓወል የተባሉ ሴት ደግሞ ለወጣቶቹ አረማመድ፣ አቀማመጥና አነጋገር ያስተምሩ ነበር። እኛንም ነርስ ትምህርት ቤት እንዲሁ እያቆሙ ያርሙን ስለነበር ይህ ነገር አልገረመኝም። በ11 ዓመቱ የገባው ዓይነ ስውሩ ስቲቪ ወንደር ደግሞ ገቢው እስከ 21 ዓመቱ በአደራ ተቀመጠለት።

ሁሉም ግን ማር አልነበረም። ሸክላ አሳታሚው፣ የዘፈኑ መብት ባለቤትና የድምፃዊው ማናጀር አንድ ድርጅት ነበር። ማናጀር ለድምፃዊው ከአሳታሚ ጋር የሚከራከር ሰው ነው፤ ታዲያ ከራሱ ጋር እንዴት ይከራከራል? ሆላንድና ዶዚየር የሚባሉት ዋነኞቹ ደራሲዎቹ በክፍያ ተጣልተውት በ1968 ፍርድ ቤት ደረሱ። እናንተም ልጃችሁ ከማናጀር ጋር ውል ሊፈራረም ሲል፣ የማናጀሩ ወገን ያልሆነ ጠበቃ ውሉን ሳያነበው አታስፈርሙት።

ጎርዲ ድርጅቱን በ1988 በ61 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1977 ዓ.ም. ለእኛ ረሃብ የተዘፈነውን ዝነኛ መዝሙር የደረሱት ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ ከዚያ ቤት የወጡ ናቸው። ስቲቪ ወንደር፣ ዳያና ሮስና ስሞኪም አብረው ዘፍነዋል። እኔ ያኔ ወጣት ነርስ ነበርኩ፤ ዜማውን በሬዲዮ ስሰማ ስለዚያ ብድር የማውቀው ነገር አልነበረም።

የዲትሮይቱ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙን የመሠረተችው ያቺው ጠያቂዋ አስቴር ናት፤ የድምፃውያኑን የማናጀርነት ክፍልም ለዓመታት ስትመራ የኖረችው እሷው ነበረች።