ለታማሚ ምግብ ስናቀርብ፦ ከማጉረሳችን በፊት ልናውቀው የሚገባ

ታማሚ ልንዘይር ስንሄድ ባዶ እጃችንን አንሄድም። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ጭማቂ ወይም ዘምዘም ይዘን እንገባለን። ታማሚን መጠየቅም ማብላትም ትልቅ ምንዳ ያለው ተግባር ነው። ነገር ግን ስትሮክ የመታውን ወይም በደንብ ያልነቃን ሰው ማጉረስ ሕይወቱን ለአደጋ ሊያጋልጥ እንደሚችል ብዙዎቻችን አናስተውልም።

ስንውጥ የአየር ቧንቧችን ለቅጽበት ይዘጋና ምግቡ ወደ ጨጓራ ያልፋል። ይህ ሥርዓት ሲዳከም ምግቡ ወይም ውሃው ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። ውሃ ቶሎ ስለሚወርድ ለብዙዎቹ ከወፍራም ምግብ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። አንዳንዱ ታማሚ ደግሞ ወደ ሳንባው ሲገባበት እንኳ አያስልም። ስለዚህ የመዋጥ ችሎታው በባለሙያ ሳይታይ ዘምዘምም ቢሆን በአፉ አንስጠው። ዱዓ ለማድረግ ግን የሚከለክለን የለም።

እንዲበላ ከተፈቀደለት፣ ነቅቶና ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይብላ። በትንሽ ማንኪያ እንስጠው፤ የመጀመሪያውን መዋጡን ሳናይ ሁለተኛውን አንጨምር። ካሳለ፣ ድምፁ ውሃ የያዘ ከመሰለ ወይም ትንፋሹ ካጠረ ወዲያው አቁመን ነርስ እንጥራ። ከበላ በኋላ አፉን እናጽዳለት፤ ቢያንስ 30 ደቂቃም ሳይተኛ ይቆይ።

መዋጥ ላልቻለ ሰው በአፍንጫ በኩል ጨጓራ የሚደርስ ቀጭን ቱቦ ይገባለታል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሲያይ ተስፋ የተቆረጠ ይመስለዋል። ቱቦው ግን ብዙውን ጊዜ ጊዜያዊ ነው፤ ታማሚው አቅም እስኪያገኝ ድረስ ይመግበዋል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ሐኪሞች በሆድ በኩል በቀጥታ ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦን ሊመርጡ ይችላሉ።

በቱቦ ስንመግብ የታማሚው ራስና ደረት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይበል። ቱቦው ከቦታው አለመንሸራተቱን በምልክቱ እናረጋግጥ፤ እንዳይደፈንም ከምግቡ በፊትና በኋላ በውሃ እንጠበው። ከወጣ ራሳችን መልሰን አናስገባው። ከታዘዘው ውጭ ከቤት ያመጣነውን ሾርባም አንጨምርበት።

ለቀናት ምንም ያልበላ ታማሚን «ይጠንክር» ብለን በአንዴ ብዙ ማብላትም ጉዳት አለው፤ የደሙን ማዕድናት አዛብቶ ልብን ሊጎዳ ስለሚችል በጥቂቱ ይጀመራል። ስኳር ወይም ኩላሊት ላለበት ሰው ደግሞ የምንወስደው ጭማቂና ሙዝ ራሱ ሊጎዳው ይችላል።

እንግዲህ ከሚቀጥለው ዚያራችን በፊት አንድ ጥያቄ ለነርሷ እናቅርብ፦ «ምን ይብላ? እንዴትስ እናብላው?» አላህ ለታማሚዎቻችን ሁሉ አፊያቸውን ይመልስላቸው።